ሞጣ ላይ ያሸነፍን ዕለት

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሞጣ ሰንብቼ ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ የተማሪ ፈተና ሳርም፣ ከኳስ ሜዳው በኩል የሰው ድምፅ መጣ። ጩኸት ቢሆን ኖሮ ባልደነገጥኩ። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ትንፋሹን ይይዝና፣ ይይዝና፣ ከዚያ «ውይይይ!» ብሎ የሚለቀው አለ አይደል? ኳሷ ጎሉ አፍ ደርሳ ከአግዳሚው በላይ ስታልፍ የሚሰማው። እሱ ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያን ድምፅ ስሰማ ሥራዬን ትቼ የማዳምጠው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ኳስ እንኳ ብዙም አልወድ። ድምፁ የሚያመጣብኝ ሲስተር ሰናይትን ነው።

ሲስተር ሰናይት የደሴ ልጅ ናት። አዋላጅ ነርስ ሆና ቢቸና ጤና ጣቢያ ስትመደብ እኔ ገና ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትሄድ የምትቸኩል፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥፍር አድርጋ የምታስር ልጅ ነበረች። ባጠገባችሁ ስታልፍ የአልኮልና የሳሙና ሽታ ይሸታችኋል። «አብሽሪ» የሚለውን ቃል ለሰፈራችን ያስተማረችው እሷ ናት። ምጥ ለያዛትም «አብሽሪ»፣ መርፌ ፈርቶ ለሚያለቅስ ልጅም «አብሽር»፣ በሬው ለጠፋበት ገበሬም «አብሽር»። እኛም ለመደብንና ትምህርት ቤት ስንወድቅ ስንነሣ እርስ በርስ «አብሽሪ» እንባባል ጀመር። እናቴ በጣም ትወዳት ነበር።

የሲስተር ሰናይት አንድ ጣጣ ኳስ መውደዷ ነው። ወደደች ስላችሁ እንዲሁ ወደደች እንዳይመስላችሁ! ደሴ እያለች ከአባቷ ጋር ሜዳ ለሜዳ ዞራ ነው ያደገችው። ቢቸና ደግሞ በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ኳስ ሜዳ የምትወጣው ቆሎና ሸንኮራ ልትሸጥ ነበር። ሜዳችን ከከብት ገበያው ጎን ነው፤ የጎሉ ቋሚ ባሕር ዛፍ፣ መረብ የለው፣ ነፋስ ሲነሣ አቧራው ተጫዋቹንም ተመልካቹንም አብሮ ይውጠዋል። እዚያ ላይ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ከሥራ በቀጥታ መጥታ ወንዶቹ መካከል ትቀመጣለች።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። እሁድ ሲሆን ግን ንግዱ ይቀርና የደጋፊ አለቃ ይሆናል። ቢጫ ካናቴራውን ለብሶ፣ ከበሮ መቺውን ባለ ሥጋ ቤት ደምሴን ከጎኑ አሰልፎ ሰውን ሁሉ ያስጨፍራል። ጭፈራው ግን እስከ መጀመሪያው ስሕተት ብቻ ነው። እኛ ቢቸናዎች ቡድናችንን የምንደግፈው በስድብ ነው። «አንተ፣ እግርህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው?» ይላል አንዱ። «አቀብል እንጂ ወዲያ! ልታገባት ነው?» ይላል ሌላው። በረኛውን «ዶሮ እንኳ እንዲህ አይያዝም!» ይሉታል። አንድ ረጅም ተከላካይ ነበረን፤ እንደ ተተከለ ስለሚቀር «የአልጋ እግር» ይሉታል፣ እናቱ እንኳ በዚያ ስም ሳትጠራው የቀረች አይመስለኝም። ጎል ሲገባብን ደግሞ ራሱን በሁለት እጁ የሚይዝ፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ የሚቆም፣ «ከእንግዲህ ኳስ ብዬ ብወጣ ምን አለ በሉኝ» ብሎ ተቆጥቶ የሚሄድ አለ። የሚቀጥለው እሁድ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው።

መሸነፋችን በዛ። ሰው ሲሸነፍ ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል፤ ዳኛውም ተሰደበ፣ አሰልጣኙም ተሰደበ፣ ምንም አልተገኘ። ሲስተር ሰናይት መጀመሪያ ሜዳ የመጣች ቀን፣ ገና ቁጭ ስትል ኳሷ በበረኛችን እግር መካከል ሹልክ ብላ ገባች። ሌላ ቀን ዘግይታ መጣችና የሜዳው ጠርዝ ላይ ስትደርስ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። ይኼኔ አባቴ ብድግ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ኧረ ጎበዝ፣ ይቺ ልጅ እግሯ ደረቅ ነው!» አለ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሳቀች።

እግር ማለት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሱቅ የሚከፍት ሰው በጠዋት ማን ቀድሞ እንደገባለት ያያል። በአዲስ ዓመት ጠዋት ቤቱን ማን ቀድሞ እንደረገጠው የማያይ የለም። ከገባ በኋላ ነገር ከቀናለት «እግሩ እርጥብ ነው» ይባላል፣ ካልቀናለት «ደረቅ»። አባቴ የቀለደው ቀልድ ከሜዳው ከሰው ጋር ወጥቶ በየቤቱ ገባ። አንድ ቀን ምጥ ይዟት የመጣችን ሴት አማቷ በር ላይ አስቁማ «ሌላ ነርስ የለም ወይ?» አለች አሉ። ሌላዋ ደግሞ ሲስተር ተረኛ መሆኗን ስትሰማ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሲስተር ሜዳ መምጣቷን ተወች። ወሬው ግን አልተወም።

እናቴ በዚያ ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። ከእኔ በኋላ የወለደችው ልጅ ሳያለቅስ ነው የቀረው፤ ስለዚህ የዚያን ዓመት እርግዝና ቤታችን ውስጥ ማንም በስሙ አይጠራውም ነበር፣ ሁላችንም ዝም ብለን ፈራን። ለክትትል ስትሄድ እኔ እከተላት ነበር። አንድ ቀን መመርመሪያ ክፍሉ በር ላይ ሲስተር ሰናይት ቆመች። ጤና ጣቢያውን የሚያጸዱት ሴትዮ ባልዲያቸውን ይዘው ከኋላ ሲመጡ «እርስዎ ይቅደሙ» ብላ አሳለፈቻቸው፤ ከዚያ ነው የገባችው።  ቤት ስንደርስ እናቴ ለአባቴ ነገረችው። «እሷም ራሷን ጠርጥራለች» አለችው። አባቴ ተቀምጦበት የነበረውን ዱካ ወዲያ ወዲህ አደረገ። እንደ ማፈር ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ፍርሃቱ ግን በለጠበት። «እንግዲያው ሞጣ ነው የምትወልጂው። እኅቴ ዘንድ ትቀመጫለሽ፣ ሆስፒታሉም ቅርብ ነው» አለ።

እንግዲህ የአባቴን ብልሃት ስሙ። ከሞጣ ጋር ያለን ጨዋታ ስለደረሰ ደጋፊው አውቶቡስ ተከራይቷል። እናቴ ወሯ ገብቷል። አባቴ ከደረቅ እግር ላድናት ብሎ፣ መውለጃዋ የደረሰ ሴት ከበሮ በሚመታበት አውቶቡስ ላይ ጫነ! መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ደምሴ «አይዞሽ ውድነሽ!» ይላል፣ እናቴ የወንበሩን ብረት ይዛ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሞጣ ዘግይተን ስለደረስን ጨዋታው ሊጀመር ሆነ። አባቴ ሜዳውንም እናቴንም እያፈራረቀ አየና «የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ አይቼ እኅቴ ቤት አደርስሻለሁ፣ እስከዚያ እዚች ጥላ ሥር አረፍ በይ» አላት። እናቴ ያየችበትን ዓይን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ግን ተቀመጠች።

ሞጣዎች ሜዳውን ሞልተውታል። እኛ በአንድ ጠርዝ ተጠጋግተን ቢጫ በቢጫ ሆነናል። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከሞጣ ሴቶች ጎን፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች።  ኳሷ ወደ እኛ ጎል ስትሄድ ጨርቋን ትነክሳለች። እንግዲህ ማን ያመነው፣ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ የእኛ አጥቂ በግንባሩ ገጭቶ አገባ! ከበሮው ተደባለቀ፣ አባቴ ደምሴ ትከሻ ላይ ወጣ። ሴትየዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ከደነች። በዚያ መካከል ነጠላዋ ሸርተት ሲልባት አየኋት። ሲስተር ሰናይት ነበረች፤ ጨዋታውን ለማየት ተደብቃ መጥታለች። እኔም እንዳየኋት አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ለማንም አልተናገርኩም።

የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ፣ አባቴም የገባውን ቃል ረሳ። መምራት ከመሸነፍ ይበልጥ እንደሚያስጨንቅ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የእኛ ልጆች ጎላቸው አፍ ላይ ተከማችተው አይወጡም። «ውጡ! ኧረ ውጡ! ምን ልትቀብሩ ነው እዚያ የቆማችሁት?» ይላል አባቴ። «በሬ አደረጋችሁን እኮ፣ ያውም የታረደ!» ይላል ደምሴ፣ ሙያው አይለቀውም። አንዱ ዳኛውን «ሰዓት! ሰዓት!» ይላል፣ ገና ሁለተኛው አጋማሽ መጀመሩ ነው። የሞጣ ልጅ አንዴ መትቶ ኳሷ ቋሚውን ስትነካ «ውይይይ!» የሚለው ድምፅ ከሁለቱም ወገን ወጣ፣ የነሱ በቁጭት፣ የእኛ በድንጋጤ። የአልጋ እግር ደግሞ ኳሷን ለማውጣት እግሩን ወርውሮ ሳያገኛት ሲቀር፣ ሽማግሌ ሰዎች ሳይቀሩ መሬት ላይ ተቀመጡ።

እናቴ በዚያ መካከል እጄን ጨበጠችኝ። «እማዬ?» ስላት «ዝም በይ። አባትሽን አትጥሪው፣ ያልፍልኛል» አለች። አላለፈላትም። ላብ በላብ ሆነች። ዞር ብዬ ሲስተርን ሳይ፣ ሜዳውን ማየት ትታለች። እናቴን ነው የምታየው። እናቴን ታያለች፣ የቢጫዎቹን ጀርባ ታያለች፣ እንደገና እናቴን ታያለች። እኔም ልጅ ብሆን ነገሩ ገባኝ። ብድግ ያለች እንደሆነ ቢቸና ሁሉ ያያታል። ከዚያ በኋላ ጎል ከገባብን የሷ ነገር ያበቃለታል። እናቴ አንዴ አቃሰተች። ሲስተር ሰናይት ነጠላዋን ጥላ ተነሣች።

ከበሮው ቀጥ አለ። «ሲስተር ናት!» አለ ደምሴ። ጨዋታው እየሄደ፣ ኳሷ እየተንከባለለች፣ የቢቸና ደጋፊ ሁሉ ዞሮ እሷን አየ። «ማን አመጣት?» «በመድኃኔዓለም፣ አስወጧት!» «እየመራን እኮ ነው!» እያሉ ጮኹባት። አባቴ እየሮጠ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ደም ሥሩ ተገትሯል። «ሲስተር፣ ምነው? ምን አደረግንሽ?» አላት፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ ውድነሽ እየወለደች ነው። ኳሱን ተወውና በዚህ በኩል ያዝልኝ» አለችው።

አባቴ እናቴን ያን ጊዜ አያት። ከዚያ በኋላ ሜዳውን ዞር ብሎ አላየም፤ ይህን ለሱ እመሰክርለታለሁ።

ባጃጅ ተገኘች። ወደ ሆስፒታል እየሄድን እናቴ የሲስተርን አንገት አንቃ ያዘች፣ ሲስተርም «አቁም! አንደርስም፣ እዚሁ አቁም!» አለች። የቆምነው ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ ጨርቅ የሚነግዱ ሴትዮ ደጃፍ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ማን ናችሁ ሳይሉ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ከወለሉ ላይ የጨርቅ ጥቅሉን በእግራቸው ወዲያ ገፉት። አባቴና የባጃጁ ልጅ እናቴን አስገቧት። ሲስተር ደፉ ላይ ስትደርስ እግሯን አንሥታ ቀረች። «እርስዎ ይቅደሙ» አለቻቸው ወይዘሮ ዘሀራን።

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? አዋላጇ አንቺ አይደለሽም ወይ?»

ሲስተር ያነሣችውን እግሯን ወደ ኋላ መለሰች። ፊቷ አመድ መስሏል። ይኼኔ ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ እንዲያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። «ሰናይት! ግቢ! ግቢልኝ እንጂ!» ሲስተር ገባች።

ወዲያው ደግሞ አባቴን አስወጣችው። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ሰው ሁሉ ላይ ይጋጭ ነበር። «እዚህ አታስፈልገኝም። ሂድና ውጤቱን ይዘህልኝ ና» አለችው። እኔ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ቀረሁ። ከሜዳው የሚመጣው ድምፅ ይሰማል፣ የማን እንደሆነ ግን አይለይም። አንዴ ሆ! አለ። «የማን ነው? የማን ድምፅ ነው?» አለች ሲስተር ከውስጥ። «እኔ ምኑን አውቄ! አንቺ ያዝሽውን ያዢ!» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሆ! አለ። ከዚያ ከቤቱ ውስጥ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። ልጅ ተወልዷል፣ የሚያለቅስ የለም። የበፊቱ ልጅ መጣብኝ። ድንጋዩን በጥፍሬ እየቧጨርኩ «አልቅስ፣ አልቅስ፣ አልቅስ» እላለሁ። ሲስተር በልመና ድምፅ አንድ ነገር ትላለች፣ ጥፊ የመሰለ ነገር ይሰማል። በመጨረሻ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ወንድሜ ነበር። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነው የወጣው። ሲስተር እጇን ታጥባ ወጣችና ከደፉ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ወይዘሮ ዘሀራ «ልጁ ደኅና፣ እናቱ ደኅና፣ አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ?» አሏት።

«ሲያዩኝ እየመሩ ነበር» አለች። «ከተሸነፉ ወሬው እውነት ነው ማለት ነው። እማማ፣ እኔም ማመን ጀምሬያለሁ። በር ላይ ስደርስ እግሬ እምቢ ይለኛል። ዛሬ ይኸው ቆምኩ እኮ! ውድነሽ ባትጠራኝ ቆሜ እቀር ነበር። እምቢ የሚል እግር ይዤ ምጥ ቤት አልገባም። ከተሸነፉ ነገ ሥራውን እለቃለሁ።»

«ይህን ልጅ ያወጣው ኳስ ነው ወይ?»

«ለዛሬው ሆነ። የነገዋስ?» አለች ሲስተር።  ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ወይዘሮ ዘሀራም ገብቷቸዋል፤ እኔም ገብቶኛል። ከሜዳው በኩል ሆ! የሚለው ድምፅ እንደገና መጣና ሲስተር ጆሮዋን ያዘች።

አባቴ ሲመጣ ከሩቅ ነው ያየሁት። አረማመዱን አይቼ አወቅሁ። ወይዘሮ ዘሀራ ቀድመውት ወጥተው ከአጥሩ ውጪ አስቆሙት፣ እኔም ከኋላቸው ሄድኩ። «ወንድ ልጅ ነው፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው» አሉት መጀመሪያ። አባቴ አጥሩን ተደግፎ ፈጣሪውን አመሰገነ። «አንተስ ምን ይዘህ መጣህ?»

«ሦስት ለአንድ። ተሸነፍን» አለ።

«እሱን ይዘህ ቤቴ እንዳትገባ» አሉት። ሲስተር ያለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩት። አባቴ ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ ስሙን ያወጣሁላት» አለ፣ ወይዘሮ ዘሀራም «እንግዲያው አንተው አንሣላት» አሉት።

ገባ። ሲስተር ቀና ብላ ሳትናገር ጠየቀችው። አባቴ ነጋዴ ነውና ውሸት አዲሱ አይደለም፤ እንደዚያ ቀን ግን ተጨንቆ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም። «አንድ ለዜሮ! አሸነፍን!» አለ። ሲስተር ሰናይት ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች፣ ከዚያ ኳስ አፍቃሪ አይደለች፣ ትጠይቀው ጀመር። «እንዴት ያዙላችሁ? ከሄድኩ በኋላ ማን ተከላከለ?» አባቴ ጭንቅ ሲለው «የአልጋ እግር» አለ፣ «ከጎሉ መስመር ላይ አወጣ። አንበሳ ሆኖ ዋለ!» በሕይወቱ ያን ልጅ ሲያመሰግን የመጀመሪያው ነበር።

እናቴ ሞጣ አክስቴ ዘንድ ልትሰነብት ሆነ። እኔ ትምህርት ስላለኝ ከሲስተር ጋር ልመለስ ተባለና፣ አባቴ እጄን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ቀደም ብለን ሄድን። እዚያ ያለው ሰው አይነሣ! አንዱ አሰልጣኙን፣ አንዱ በረኛውን፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሲስተርን ይረግማል። «አየሃት አይደል? ብድግ ስትል አለቀልን!» አለ ደምሴ። አባቴ ደረጃው ላይ ወጣና «ስሙኝ» አለ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ነበረች። ጎሉን ስናገባ ተቀምጣ ታይ ነበር። ሦስቱ የገቡብን ሚስቴን ልታዋልድልኝ ከሄደች በኋላ ነው። አሁን እንግዲህ እግሯን ደረቅ የሚል ካለ ፊቴ ይበል።»

 በሐሳባቸው ሲቆጥሩት ይታያል። «ታዲያ እርጥብ ነው ልንል ነው?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ማንም ግን አልሳቀም።

«አሸንፈናል ብያታለሁ» አለ አባቴ። «ተሸነፍን ካላችኋት ሥራዋን ትለቃለች። በኔ ጦስ። እባካችሁ።»

«ሦስት ጎል ጠጥቼ ልዝፈን?» አለ ደምሴ።

«ዝፈን ደምሴ። በሞቴ።»

 ደምሴ ሲስተር ስትመጣ ሲያይ ከበሮውን መታው። እኔ እንዲያ ያለ ዘፈን ዳግም አልሰማሁም። የሰው ፊት ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስላል፣ ጉሮሮው ግን ይዘፍናል። ተጫዋቾቹ ከኋላ ወንበር አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ አንዱ ደጋፊ «አጨብጭብ እንጂ አንተ!» ብሎ የአልጋ እግርን በክርኑ ሲጎሽመው እሱም አጨበጨበ። ሲስተር አዩኝ አላዩኝ እያለች ገባች። ደምሴ ተነሥቶ የፊቱን ወንበር ለቀቀላት። አልቅሶ እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

እኔ በመስኮቱ በኩል አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አውቶቡሱ ከሞጣ መውጣት ጀመረ። መንገዱ ዳር የሞጣ ልጆች ተሰብስበው ይጠብቁናል። ሲያዩን እየሮጡ ከመስኮቱ ጋር እኩል ሆኑና በአንድ እጅ ሦስት ጣት፣ በሌላው አንድ ጣት እያሳዩ «ሦስት ለአንድ! ሦስት ለአንድ!» ይሉ ጀመር። ደንግጬ ሲስተርን አየኋት። አይታለች። አንዱ ልጅ ጣቶቹን መስታወቱ ላይ ሊለጥፋቸው ምንም አልቀረውም። ሲስተር ሰናይት ዞር ብላ ከኋላዋ የሚዘፍነውን ሁሉ አየች፣ ድምፁ ተዘግቶ የሚጮኸውን ደምሴን፣ የሚያጨበጭበውን የአልጋ እግርን። ከዚያ በእኔ ላይ እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ቀስ አድርጋ ሳበችው። «ብርድ ይገባል» አለችኝ። ፊቷን ወደ እነሱ መልሳ ከሁሉም አስበልጣ መዝፈን ጀመረች።

ነገሩን የሚያስረዳ ስልክ አስቀድሞ ወደ ቢቸና ተደውሎ ስለነበር ሰው እንደ አሸናፊ ነው ወጥቶ የተቀበለን። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውስጥ እኚያ የሚያጸዱት ሴትዮ ባልዲያቸውን ይዘው እንደ ልማዳቸው ሊቀድሙ ሲሉ ሲስተር አልፋቸው ገባች። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። እግረ ደረቅ የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ ሰው ፊትም ከኋላም ሲለው አልሰማሁም። ሜዳም መምጣት ጀመረች፣ አባቴ አጠገብ ትቀመጣለች። ቡድናችን እንደሆነ ያው ነው። ጎል ሲገባብን ደጋፊው ሁሉ ጥርሱን ይነክሳል፣ ወደ እሷ በኩል የሚያይ የለም። እሷ ግን ቀድማ ትነሣና «ኧረ የአልጋ እግር፣ ነቅነቅ በል!» ትላለች፣ ያኔ ሰው ሁሉ ተንፈስ ይላል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ተዛውራ ወደ አገሯ ሄደች። እሷ እያለች ያን ጨዋታ በእውነተኛ ውጤቱ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከሄደችም በኋላ ማንም ሊያርመው አልተነሣ። ደምሴ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ለእንግዳ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ የአልጋ እግር ከመስመር ላይ ያወጣትን ኳስ በእግሩ ሳይቀር እያሳየ ነው የሚያወራው።

ወንድሜ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። በቀደም ከሞጣ ልጆች ጋር ተከራክሮ ደሙ ፈልቶ መጣ። «የተወለድኩ ዕለት ሦስት ለአንድ ተሸንፋችኋል አሉኝ፣ ልመታቸው ነበር» አለ። አባቴ አርጅቷል፣ ከወንበሩ ቀና አለና «አንድ ለዜሮ ነው» አለው። እናቴም ከጓዳ «አንድ ለዜሮ» አለች። ወንድሜ እነሱን አላመነም መሰል ወደ እኔ ዞረ። እኔ አስተማሪ ነኝ፣ አልዋሽም ብሎ ያስባል።

«አንድ ለዜሮ» አልኩት።